አልማዝ ከምድር ጥልቅ እንዴት ይወጣል?



ኮልፌ ቀራንዮ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከወጨጫ ተራራ ሥር ያነሡትን ድንጋይ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ልጄ፥ አንተ ስለ ድንጋይ ትማራለህ፤ ይህ አልማዝ አይደለምን?» አሉኝ። ድንጋዩ በፀሐይ ብልጭ ይላል። በሞረድ ብፍቀው ተፋቀ፤ አልማዝ ቢሆን የሚያልቀው ሞረዱ ነበር። ያበራው ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ነው። «አይደለም» ብዬ ሸኘኋቸው፤ ምክንያቱን ግን አጥርቼ ስላልነገርኋቸው አፍራለሁ።

አልማዝ ካርቦን ነው። በብዛት የሚወለደው ከ150 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፥ ማንትል በሚባለው የምድር ክፍል ነው። ይህ ከኮልፌ እስከ አምቦ ካለው መንገድ ይበልጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ቢዘገይ፥ ሙቀቱ ሳይለቀው ጫናው ስለሚቀልለት፥ እርሳሳችን ውስጥ ወዳለው ግራፋይት ይለወጣል። ስለዚህ ፈጣን መጓጓዣ ያስፈልገዋል። ይኸውም ኪምበርላይት የተባለው ቅልጥ ድንጋይ ነው። ውሃና ጋዝ ስለ በዛበት፥ ክዳኑ እንደ ተከፈተ ጠርሙስ እየገነፈለ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ይወጣል። ስሙ የተወሰደው ከደቡብ አፍሪካዋ ከኪምበርሌይ ከተማ ነው። ልብ በሉ፤ ኪምበርላይት አልማዝን ያሳፍራል እንጂ አይሠራም። ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከ3 ቢሊዮን ዓመት ይበልጣል።

አልማዝ ያለበት ኪምበርላይት ደግሞ ሥሩ ጥንታዊ፥ ወፍራምና ቀዝቃዛ የሆነ ምድር ይመርጣል። በ1940 እ.ኤ.አ. አልማዝ የተገኘበት የታንዛንያው ምዋዱይ እንዲህ ባለ ምድር ላይ ነው። የኛ ደጋ ግን ሌላ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሥሩ የተነሣው ትኩሳት ባዛልቱን በላዩ አፍስሶበታል፤ ሥሩም ሞቃትና ስስ ነው።

ይህ ማለት ግን ከማንትል የመጣ እንግዳ የለንም ማለት አይደለም። በጎጃም እንጅባራ፥ በቦረናም ሜጋ፥ በጥቁሩ ባዛልት ውስጥ አረንጓዴ ድንጋይ ተሰክቶ ይገኛል። ፔሪዶታይት ይባላል፤ አረንጓዴነቱ ከኦሊቪን ነው። ከባድ ስለ ሆነ፥ ባዛልቱ በዝግታ ቢወጣ ኖሮ ሰጥሞ በቀረ ነበር። ስፒኔል የተባለው ማዕድን ስላለበትም ከ70 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጥልቀት እንደ ተነሣ ይታወቃል። እንግዲህ ባዛልቱ መንገደኛውን ያሳፈረው ከአልማዝ ጣቢያ በላይ ነው።

ይህን ለጎረቤታችን በሚቀጥለው እሑድ እነግራቸዋለሁ። አንዱን የእንጅባራ ድንጋይ ይዤ መጥቻለሁ፤ እርሳቸው ዘንድ ከመሄዱ በፊት ቀርባችሁ ተመልከቱት።