እንገሩ አይደፋ

የሰሃላ እናቶችና አባቶች! ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንገር ነው። የፍየሏን እንገር አይደለም፤ እሱንማ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እንገር ያልጠባች ግልገል እንደማትጠነክር ለእረኛ ማን ይነግረዋል? ታዲያ ሴት ስትወልድ ቢጫውን ወተት «ሆድ ያማል» ብሎ ጨምቆ መድፋት፣ ሕፃኑን ቅቤ ማላስ በብዙ የአገራችን ክፍል ለምን ልማድ ሆነ? እኔን ይገርመኛል።

ቢጫነቱ ተፈጥሮው ነው፤ እድፍ አይደለም። በውስጡም ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ በዝቶ ይገኛል። ከፊሉ ፕሮቲን የእናትየዋ የበሽታ መከላከያ ነው። እሷ የተዋጋቻቸውን ጀርሞች ለይቶ ስለሚያውቅ በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ዘብ ይቆማል።

ፕሮቲን እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በፍሬ ተያይዞ የተሠራ ነው። ሆድ ሲገባ ክሩ ይበጣጠሳል። ቁራጩ ፔፕታይድ ይባላል። አብዛኛው ተፈጭቶ ሰውነት ይገነባል። አንዳንዱ ቁራጭ ግን ራሱ እንደ ጦር ነው። በእንገር ውስጥ ላክቶፌሪን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ከእሱ የሚወጣው ቁራጭ የአንዳንድ ጀርሞችን ሽፋን እየበሳ እንደሚገድል በላቦራቶሪ ታይቷል።

እንገር ጥቂት ነው፤ የሚገኘውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። እስከ 6 ወር ውሃም አይሰጠው። «በዚህ በቆላ ሙቀት?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎን፣ በዚህ ሙቀት! የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፤ የወንዝ ውሃ ግን ተቅማጥ ይዞ ይገባል። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ የሽሮ ገንፎ፣ እንቁላልና የፍየል ወተት ተፈልቶ ይጨመርለት።