ፋይሉ ተመለሰ፤ ባለቤቱስ?

ሴት አቅራቢ፦ ደሎ መና ላይ የሐረና ደን ቡና የሚሰበስብ የገበሬዎች ማኅበር አለ እንበል። ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተሩ ተቃጠለ፤ መዝገቡ ግን ፍላሽ ላይ ተገልብጧል። ታዲያ ምን ጎደለ?

ወንድ አቅራቢ፦ ብዙ ነገር፣ እህቴ! ሊኑክስ የፋይል ባለቤትን ዲስክ ላይ የሚጽፈው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት መጀመሪያ ለተመዘገበው ሰው 1000፣ ለቀጣዩ 1001 ይሰጣል።

ሴት፦ አዲሱ ማሽን ላይ የመጋዘን ሠራተኛው ከገንዘብ ያዧ ቀድሞ ከተመዘገበስ?

ወንድ፦ የገንዘብ ያዧ ፋይል የእሱ ሆኖ ቁጭ! ሌባ ሳይገባ።

ሴት፦ ጉድ ነው። ፍላሹስ?

ወንድ፦ እሱማ በፋት32 ከተቀረጸ ይብሳል። ፋት32 ባለቤትን የሚመዘግብበት ቦታ የለውም፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይልም አይቀበልም። ባለቤትነቱ እንዳይጠፋ አስቀድሞ በታር መጠቅለል ነው። ታር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የዩኒክስ መሣሪያ ነው፤ የዛሬው ስሙንም ቁጥሩንም ይይዛል። ሲፈታ ግን በሩት፣ ማለትም በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ካልሆነ ሁሉም የፈታው ሰው ንብረት ይሆናል።

ሴት፦ በሩት ከሆነስ?

ወንድ፦ ስሙን ይፈልጋል፤ ካጣው ቁጥሩን ይወስዳል። ስለዚህ ተጠቃሚዎቹን በድሮ ስማቸው መመዝገብ ይቀድማል።

ሴት፦ አንዳንዱ ሲቸግረው የፋይሉን ፈቃድ ሰባት ሰባት ሰባት ብሎ ለሁሉም ይከፍተዋል እኮ።

ወንድ፦ የገበሬ ሂሳብ ያለበትን መዝገብ? ማንም እንዲሰርዘው? እኔ አልስማማም።

ሴት፦ ታዲያ መልሶ መፍታቱ መቼ ይሞከር?

ወንድ፦ ዋናው ማሽን ደህና ሳለ፣ ሌላ ማሽን ላይ። ፈትቶ የባለቤቶቹን ዝርዝር ከዋናው ጋር ማመሳከር ነው። መብራት ካለ፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል።