ነፍጥና የእኩልነት ሚዛን
(በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ጠበንጃ ደግነት ወይም ክፋት አይደለም። ጥያቄያችን፣ መሣሪያን የሚከለክል ሕግ ሲወጣ ማንን ለይቶ ይከለክላል? የሚል ነው።

በአሜሪካ አገር የሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1865 ባወጣው ሕግ፣ ከባርነት ነጻ የወጣ ጥቁር ሰው የአውራጃው ቦርድ ካልፈቀደለት ጠበንጃ እንዳይዝ ተከለከለ። ነጩ ጎረቤቱ ግን ይህን ፈቃድ አልተጠየቀም። ጥቁሩ ሰው ነጻ ወጣህ ተባለ እንጂ ቤቱን እንዳይጠብቅ እጁ ታሰረ።

ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 በሳን ዠርመን የተፈረመው ውል፣ ከአልጄሪያ፣ ከሊቢያና ከደቡብ አፍሪካ ኅብረት በቀር መላዋን አፍሪካ መሣሪያ በተከለከለበት ክልል ውስጥ አስገባ። ነጻይቱ ኢትዮጵያም ከዚያው ተቈጠረች። በ1925 መልእክተኞቻችን በጄኔቫ ተከራክረው አገራችንን ከክልሉ አስወጡ።

ይሁን እንጂ ወደቡ በሌሎች እጅ ነበር። በ1935 ኢጣሊያ ለወረራ ስትሰናዳ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ። ነገሩ ለሰሚው እኩል ይመስላል፤ ነገር ግን ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። አቤቱታችን ለዚህ ሰፈር ስም በሆነው በንፋስ ስልክ፣ ያለ ሽቦ፣ ባሕር ተሻግሮ ይሄድ ነበር፤ ጠበንጃው ግን አይመጣም። የዓለም መንግሥታት ማኅበር እገዳው ለኢትዮጵያ ይነሣ ያለው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ጓደኞቻችን፤ ሌላውን ስንወቅስ ራሳችንንም እንመርምር። በዚያው ዘመን በደቡቡ አገራችን ባለ ጠበንጃው ነፍጠኛ ሲባል፣ አራሹ ገባር ተብሎ ለእርሱ ይሠራ፣ ለእርሱም ይገብር ነበር። በጄኔቫ ለአገራችን የጠየቅነውን እኩልነት በቤታችን ለገባሩ ነፈግነው። ይህን ሳንናገር የቀረውን ብንናገር፣ ንግግራችን ግማሽ እውነት ይሆናል።

ዛሬ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድን ይጠይቃል። ፈቃድ መጠየቁን አንቃወምም፤ ቁጥጥር የሌለበት ነፍጥ የሚያመጣውን ለቅሶ እናውቃለን። ነገር ግን ሕግ የሚመዘነው በአፈጻጸሙም ነው። ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው በትውልዱ ወይም በድህነቱ የሚከለከል ከሆነ፣ የሚሲሲፒው ሕግ ስሙን ለውጦ መጣ ማለት ነው። ሕግ የምንማር ሁላችን፣ ከአንቀጹ ቃል ጋር የተከልካዩን ፊት እንመልከት።