የክረምት ዕረፍትና የቀን ዕቁብ
(በማኅበሩ የሰኔ ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ተናጋሪ ሲመጣ ስለ ቁጠባና ብድር የምንናገር ይመስላችሁ ይሆናል። ዛሬ የምናቀርበው ሒሳብ ግን የብር ሳይሆን የቀን ነው። ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ነው። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፤ ድምሩ 65 ቀን፣ ማለትም ከ9 ሳምንት በላይ ይሆናል። ለልጆቻችን ዕረፍት ነው፤ ለእኛ ግን ሥራው እንዳለ ነው።

ታዲያ ልጆቹ የት ይውላሉ? በየሰፈራችን በር ተቆልፎባቸው የሚውሉ አሉ። ከቴሌቪዥን ፊት የማይነሱ አሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው ወንዝ ዳር የሚጫወቱት ናቸው። ቀበናም ሆነ ባንተ ይቀጡ በክረምት እንዴት እንደሚሞሉ የአዲስ አበባ እናት አታጣውም። እዚህ ያልዘነበ ቢመስልም እንጦጦ ላይ የጣለው ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል።

ለዚህ ያሰብነው መላ የምናውቀው ዕቁብ ነው። በዕቁብ ሁላችንም እኩል እንጥላለን፤ ብሩም በየተራ ይደርሰናል። አሁን የምንጥለው ቀን ይሁን። 12 እናቶች አንድ ቡድን ብንሆን፣ በሳምንት 2 ጊዜ ልጆቹን ብናወጣ፣ በ9 ሳምንት 18 ጉዞ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጉዞ 2 እናቶች ቢሄዱ 36 የእናት ቀን ያስፈልጋል። ለ12 ሲካፈል ለአንዷ 3 ቀን ይደርሳታል። 3 ቀን የሰጠች እናት 15 ጊዜ ልቧ ሳይሰቀል ሥራዋ ላይ ትውላለች ማለት ነው።

የት እንውሰዳቸው ለምትሉ፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ አለችልን። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት። ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ልጆቹ ከራሳቸው ቁመት ጋር ያስተያዩት። ከዚያ በእግር ወደ ስድስት ኪሎ ወጥተው የየካቲት 12 ሐውልትን ዞረው ይዩ። በሐውልቱ ላይ የተቀረጸው ምን እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም፤ የምታውቅ እናት በ1929 ዓ.ም. የሆነውን ለዕድሜያቸው በሚመጥን ቃል ትንገራቸው። ዝናቡ ካልለቀቀ ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ።

እንጦጦም አለ። ምኒልክና ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ከመውረዳቸው በፊት የነበሩበትን ግቢ ያያሉ፤ ከላይ ሆነው ሰፈራቸውን በጣት ይፈልጋሉ። መንገድ ላይ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ሲያገኙም ቆመው ሰላም ይበሉ። የከተማዋ እንጀራ በማን ጀርባ እንደተጋገረ ማወቅም ትምህርት ነው።

የራሳችንን የሥራ ቦታም አንርሳ። ከመካከላችን ልብስ የምትሰፋ፣ እንጀራ የምታቀርብ፣ ሸማ የምታስሸምን አለች። አንድ ጠዋት ልጆቹን ተቀብላ ሥራዋን ብታሳያቸው መግቢያ አይከፈልበትም። በነሐሴ ደግሞ ለቡሔ ሙልሙሉን አብረውን ይጋግሩ።

ጥቂት ደንብ ይኑረን። የከተማችን የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጉዞው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነስቶ 7 ሰዓት ላይ ይመለስ። በአንድ ጉዞ ከ15 ልጅ አይብለጥ። ስማቸው ሲወጡም ሲገቡም ይጠራ። ምሳ ከቤት ይቋጠር። የመግቢያ ዋጋና የሥራ ቀን ከዋዜማው ተጠይቆ ይታወቅ።

«እኔ ጉልት ላይ ነኝ፤ አንድ ቀን ከቀረሁ የዚያን ቀን እራት የለም» የምትል እህት እንዳለች እናውቃለን። ልክ ናት። ለእሷ ቀን መጣል ግዴታ መሆን የለበትም። ማታ ዳቦ ቆሎ ቆልታ ብትልክ ዕጣዋን እንደጣለች ይቆጠርላት። ዕቁቡ የተጀመረው በር የሚቆለፍባቸውን ልጆች ለማውጣት ነውና የእሷ ልጅ መቅረት የለበትም።

ደጋፊዎቻችንም ምን እንርዳ ትሉን ይሆናል። ከመጫወቻ ይልቅ የዝናብ ልብስ፣ ቦት ጫማና የታክሲ መሳፈሪያ ይቅደምልን። እያንዳንዱን ወጪ እንመዘግባለን፤ በመስከረም ሪፖርታችንም ታዩታላችሁ።

የስም መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የምትጥሉትን 3 ቀን ምረጡና ጻፉ።

መልካም ክረምት ያድርግልን።