አስምና የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ነው፤ በተለይ አስም ላለባቸው ሰዎች።

የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ምንድን ነው? አንድ ሰው ተኝቶ ያንኮራፋል። ከዚያ ድንገት ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደ መታፈን ብሎት ይባንናል። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ይደጋገማል።

እስቲ ለስላሳ የውሃ ጎማ አስቡ። የውሃው ግፊት ሲደክም ጎማው ተጣብቆ ይተኛል፤ ግፊቱ ሲበረታ ግን ይነፋል፣ ይከፈታል። ጉሮሮም እንዲሁ ነው። ስንተኛ ጡንቻው ይላላል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ መንገዱ ይዘጋል። ታዲያ ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ በጭንብል በኩል አየር በግፊት እየላከ ጉሮሮውን ክፍት ያደርገዋል። ይህን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ነው።

አስም ግን ቦታው ሌላ ነው፤ ከታች፣ ሳንባ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያጠብባል። ስለዚህ ፓፍ፣ ማለትም ለአስም በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፤ ሲፓፕም ፓፍን አይተካም። እባካችሁ፣ አንዱን ጀመርኩ ብላችሁ ሌላውን አትተዉ።

ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። አስም ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ አፍንጫው በአለርጂ ይታፈናል። አፍንጫ ከታፈነ ጭንብሉ ያስጨንቃል፣ ሰውም ይተወዋል። ስለዚህ አፍንጫውም ይታከም። ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ የስቴሮይድ ክኒንም ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ ክብደት ደግሞ ጉሮሮን ያጠብባል። ክኒኑን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ስትሄዱም አብሯችሁ የሚያድረውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ማንኮራፋቱንና ዝምታውን የሰማው እሱ ነው።