ከቅጣት መዝገቤ የተማርኩት



ሒሳብ ያዥ ነኝና የዛሬው ንግግሬ ከመዝገቤ ይጀምራል። በክራንች የምትሄድ ጓደኛችን ባለፈው ክረምት 4 ስብሰባ አረፈደች። እኔም በደንባችን መሠረት 40 ብር ቅጣት ጻፍኩባት። ስትከፍለኝ፣ “ቅጣቱስ ይሁን፤ ደረጃው ግን ጭቃ ሲነካው ያዳልጠኛል” አለችኝ። ይህን የምነግራችሁ ፈቅዳልኝ ነው።

እኔ እኮ እጸልይላት ነበር፤ ጠበልም አመጣላት ነበር። ደረጃውን ግን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። እርሷ ጠበሉን በእምነት ትጠጣለች፤ ኑሮዋን ግን እስክትድን ብላ አላቆመችም። ልጆቿን ታሳድጋለች፣ ቁጠባዋንም አጓድላ አታውቅም።

በዐቢይ ጾም 4ኛ ሳምንት የምናስበው መጻጉዕ 38 ዓመት የታመመ ሰው ነበር። ለጌታ የነገረው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። ሕዝብ በሞላበት ሰው አጣ። ጓደኛችንም በእኛ መካከል እንዲሁ ሆና ነበር።

የወሎዋ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመቷ ዓይነ ስውር ብትሆንም ተምራ የሕግ ባለሙያ ሆነች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። በሩ ከተከፈተ የሚገባ አለ ማለት ነው።

ፈውስ የእግዚአብሔር ነው፤ ደረጃው ግን የእኛ ነው። ስለዚህ ስብሰባችን ከታች ባለው ክፍል እንዲሆን፣ 40 ብሩም እንዲመለስላት እጠይቃለሁ። መዝገቡን ለማስተካከል እስክሪብቶዬን ይዣለሁ።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ።