የንግድና የኢንዱስትሪ መጽሔት በስንት ጊዜ ይታተም?

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በየሚኒስቴሩ፤ በየንግድ ምክር ቤቱና በየማኅበሩ ስለ ንግድና ስለ ኢንዱስትሪ የሚናገር መጽሔት ለማቋቋም በሚደረግ ስብሰባ ላይ ከቶ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በየሳምንቱ ይውጣ፤ በየወሩ፤ ወይስ በየሦስት ወሩ?» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ ስለ መጽሔቱ ስምና ስለ ሽፋኑ ሥዕል ረዥም ክርክር ከተደረገ በኋላ ይህ ጥያቄ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ይወሰናል። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው የመጽሔቱ ዕድሜ በአብዛኛው የሚመሠረተው በዚችው በአምስት ደቂቃ ውሳኔ ላይ መሆኑን ነው።

አስቀድሜ ከራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የወርኃዊ መጽሔት አዘጋጅ በነበርሁበት ጊዜ የጥር ወር እትማችን የወጣው በሚያዝያ ነበር። በውስጡም የቆዳና የሌጦ ዋጋ በሰንጠረዥ ተዘርዝሮ ነበር። አንድ ሽማግሌ የቆዳ ነጋዴ መጽሔቱን አገላብጠው ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፤ ይህ እኮ ወሬ አይደለም፤ ታሪክ ነው» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ መዘግየታችንን ለመሸፈን «የየካቲት፤ የመጋቢትና የሚያዝያ ጥምር እትም» እያልን ማውጣት ጀመርን። አንባቢው ግን አልተታለለም፤ ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ተለዩን። የጎዳን የዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ ልንጠብቀው የማንችለውን ቀን ቃል መግባታችን ነበር።

እንግዲህ ቀኑን ከመቍረጥ በፊት ሦስት ነገሮችን መመዘን ይገባል።

የመጀመሪያው፤ የሚጻፈው ነገር በስንት ቀን ይበላሻል? የሚለው ነው። ወተትና ማር አብረው አይከርሙም። የቡና ዋጋ፤ የመርከብ መድረስና የጨረታ ማስታወቂያ እንደ ወተት ናቸው። በአሥራ አምስት ቀን የሚዘጋ ጨረታ በወርኃዊ መጽሔት ቢወጣ፤ አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው የጨረታው ሣጥን ከተከፈተ በኋላ ሊሆን ይችላል። የአዲስ ሕግ ትርጓሜ፤ የአንድ ፋብሪካ አሠራር፤ የዓመቱ የገቢና የወጪ ንግድ ሚዛን ግን እንደ ማር ስለ ሆኑ ሦስት ወር ቢቈዩ አይጎዱም።

ለዚህ የታወቁ ምስክሮች አሉ። በለንደን ከተማ ነጋዴዎች፤ መርከበኞችና መድን ሰጪዎች ይሰበሰቡበት ከነበረው ከሎይድ ቡና ቤት የተወለደው «ሎይድስ ሊስት» በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1734 ሲጀመር በሳምንት አንድ ጊዜ ይወጣ ነበር። ነገር ግን አንዲት መርከብ ደረሰች ወይስ ሰጠመች የሚለው ወሬ ለመድን ሰጪው የሀብት ጉዳይ ስለ ሆነ ሳምንት መጠበቅ አልተቻለም፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ፤ በ1837 ደግሞ ዕለታዊ ሆነ። በ2013 መጨረሻም ወረቀቱን ትቶ በኢንተርኔት ብቻ የሚነበብ ሆነ።

በአሜሪካ ደግሞ «ቢዝነስ ዊክ» በ1929 በየሳምንቱ መውጣት ሲጀምር፤ ሄንሪ ሉስ በ1930 ያቋቋመው «ፎርቹን» በየወሩ ወጣ። ሁለቱም የጻፉት ስለ አንድ አገር ንግድ ነው፤ ነገር ግን አንደኛው የሳምንቱን ሁኔታ ሲከታተል ሁለተኛው የታላላቅ ኩባንያዎችን አሠራር በጥልቀት ይመረምር ነበር። ዛሬ ዋጋና ወሬ በጥቂት ደቂቃ በእጅ ስልክ ስለሚደርስ ያ ሳምንታዊው መጽሔት ራሱ በ2024 ወርኃዊ ሆኗል። በ1843 የተቋቋመው የእንግሊዙ «ኢኮኖሚስት» ግን እስከ ዛሬ ሳምንታዊ ነው፤ ምክንያቱም አንባቢው ከእርሱ የሚፈልገው የሳምንቱን ፍርድ እንጂ የዕለቱን ዋጋ አይደለም።

ሁለተኛው መመዘኛ አቅም ነው። አሥራ ስድስት ገጽ ያለው ሳምንታዊ መጽሔት በዓመት 832 ገጽ፤ ስድሳ አራት ገጽ ያለው ወርኃዊ መጽሔት ደግሞ 768 ገጽ ይሆናል። የወረቀቱ ብዛት ይቀራረባል። ነገር ግን የመጀመሪያው ኀምሳ ሁለት ጊዜ ይታረማል፤ ኀምሳ ሁለት ጊዜ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ኀምሳ ሁለት ጊዜ ይታደላል፤ ሁለተኛው ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጸሐፊና አንድ አራሚ ብቻ ያለው ክፍል ይህን ልዩነት ሳያሰላ በየሳምንቱ ለማውጣት ቢነሣ፤ ጸሐፊው ሲታመም መጽሔቱም አብሮ ይተኛል።

ሦስተኛው የአንባቢው ጊዜ ነው። እናንተው ታውቁታላችሁ፤ በጠረጴዛችሁ ላይ ፋይል ተከምሮ ሳለ ያልተነበበው እትም ሳይገለጥ ሌላው ቢመጣበት ሁለቱም ወደ መሳቢያ ይገባሉ። ስለዚህ መጽሔቱ ከአንባቢው ሥራ ጋር እንዲገጥም ማድረግ ብልህነት ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ሩብ ዓመቶቹ በመስከረም፤ በታኅሣሥ፤ በመጋቢትና በሰኔ መጨረሻ ይዘጋሉ። በየሦስት ወሩ የሚወጣ መጽሔት ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ባለው ወር ቢደርስ፤ ሁሉም ቍጥር በሚፈልግበት ሰዓት ይገኛል። ወርኃዊ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ጳጕሜን ከነሐሴ ጋር ወይም ከመስከረም ጋር የሚቈጠር መሆኑ አስቀድሞ ይወሰን፤ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የደንበኝነት ሂሳብ ሲያከራክር ይታያል።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። ከምትችሉት በጥቂቱ አሳንሳችሁ ጀምሩ። «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. ሲመሠረት ሳምንታዊ ነበር፤ ዕለታዊ የሆነው በኋላ ነው። ጊዜውን ማቀራረብ የዕድገት ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ማራራቅ ግን በአንባቢውና በማስታወቂያ ሰጪው ዘንድ እንደ ሕመም ይቈጠራል። የመጀመሪያውን እትም ለሕዝብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት እትሞችን በቤታችሁ አዘጋጁ፤ ሦስተኛው በቀኑ ካልደረሰ ቀኑን አርቁት።

በመጽሔቱ ሽፋን ላይ የሚጻፈው ቀን ለአንባቢው የተሰጠ ቃል ነው። ቃሉን የሚጠብቅ ባለ ሦስት ወር መጽሔት፤ ቃሉን ከሚያፈርስ ሳምንታዊ መጽሔት ይልቅ ለነጋዴውም ለመንግሥት ሠራተኛውም ይጠቅማል።